ቁም ሣጥን አናት ላይ የነበረው ጊታር

ለመሆኑ እናንተ ቤት “አንድ ቀን እጠቀምበታለሁ” ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ የለም? የእኛ ቤቱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነበር፤ ጥቁር መያዣው ውስጥ የተኛ ኤሌክትሪክ ጊታር። ባለቤቴ ስለ እሱ አንድም ቀን ክፉ ተናግራ አታውቅም። ሁለተኛ ልጃችን ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው ግን ለሕፃኑ አልጋ የሚሆነውን ቦታ በክንዷ ለካች፤ ከዚያ ቀና ብላ ቁም ሣጥኑን አየች። ምንም አላለችም። ገባኝ።

ጊታሩን የገዛሁት አዲስ አበባ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር እንለማመድ ነበር። ያኔ የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን መምሰል ለማናችንም የሚበቃ ምኞት ነበር። ለእኔ ግን አልበቃኝም፤ በጊታር ዋሽንትና ቫዮሊን ማስጮኽ አማረኝ። ስለዚህ የሲንተሳይዘር ፒክአፕ አስገጠምኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው፤ የስድስቱን ክሮች ድምፅ ቀላቅሎ በአንድ መስመር ወደ አምፕሊፋየር ይልካል። የሲንተሳይዘሩ ፒክአፕ ግን እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ያዳምጣል። ከብሪጁ አጠገብ የሚገጠም ቀጭን ነገር ነው፤ 13 እግር ባለው ገመድ ከሌላ መሣሪያ ጋር ይገናኛል። የተመታው ኖታ የትኛው እንደሆነ ለይቶ በዋሽንት፣ በቫዮሊን ወይም በኦርጋን ድምፅ የሚያጫውተው ያ መሣሪያ ነው። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ የመጀመሪያውን የጊታር ሲንተሳይዘር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

እንከንም አለው። ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ መሣሪያው ኖታውን ለመለየት ቢያንስ አንድ ሙሉ እርግብግቢት መጠበቅ ስላለበት ድምፁ ትንሽ ይዘገያል። ትዝታ ላይ አይታወቅም፤ ፈጣን ጭክችካ ላይ ግን ጣት ቀድሞ ድምፅ ሲከተል ይሰማል። የገጠመልኝ ባለሙያ ደግሞ በማጣበቂያ ሊይዝ የሚችለውን በብሎን አሰረው፤ አንዱን ቀዳዳ ስቶ ስለበሳው ሌላ ደገመ። ጊታሩ ላይ እስከ ዛሬ ሦስት ቀዳዳ አለ።

ወደ አሰላ ለሥራ ስንመጣ ሁሉንም ይዤው መጣሁ። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ መሣሪያው ላይ ሻይ ደፋችበት፤ እዚያው ዝም አለ። ያለ እሱ ደግሞ ፒክአፑ ጌጥ ነው።

እንግዲህ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ማስታወቂያ መጻፍ አያቅተኝም። “በአንድ ጊታር ብዙ ድምፅ! ለሲንተሳይዘር የተዘጋጀ፣ በጥንቃቄ የተያዘ፣ 30,000 ብር” ብዬ ከፎቶ ጋር ለቀቅሁት። ፎቶውን ያነሳሁት ቀዳዳዎቹ በማይታዩበት በኩል ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ብትመረምሯቸው ውሸት የለባቸውም። አንድ ላይ ስታነቧቸው ግን እውነት አይደሉም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር ከበቆጂ መጣ። ከበቆጂ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ሯጭ ይመስለናል፤ ይሄኛው በተዋሰው ጊታር ሠርግ ላይ የሚጫወት ልጅ ነው። እናቱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ገንዘቡ የብቅል ገብስ የሸጡበት መሆኑን ቡናው ሳይፈላ ነገሩን።

ልጁ ጊታሩን አቀፈው። ትዝታን ሲጫወት ባለቤቴ ሳይቀር ጀበናዋን ትታ አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብሎ “ጋሼ፣ ዋሽንቱን የሚያወጣው በየት በኩል ነው?” አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልሱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። “መሣሪያውን ለብቻው ትገዛለህ” ማለት ብቻ ነው። የመሣሪያው ዋጋ ከጊታሩ ሊበልጥ እንደሚችል፣ እዚህ አገር ፈልጎ ማግኘትም ቀላል እንዳልሆነ መንገር ግዴታዬ አይመስልም። ግን የእናቱን እጅ አየሁ፤ የገብሱ ብር የታሰረበትን የመሐረብ ጫፍ ይዘዋል።

ሁሉንም ነገርኩት። የተቃጠለውን መሣሪያ፣ ድምፁ የሚዘገይበትን ምክንያት፣ ሦስቱን ቀዳዳዎች በጣቱ እያስነካሁ። ልጁ ዝም አለ። እናቱ በኦሮምኛ ጠየቁት፤ አስረዳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና “ልጄ፣ ታዲያ ጊታርነቱስ?” አሉኝ።

“ጊታርነቱማ ደህና ነው፣ እማማ።”

“እንግዲያው የጊታሩን ዋጋ ንገረን።”

በ21,000 ብር ተስማማን። ለማስገጠም ያወጣሁት ገንዘብ ቀለጠ፤ የቀለጠው ግን ያን ቅዳሜ ሳይሆን ያስገጠምኩ ዕለት ነው። ለራስ ምኞት የተደረገ ማሻሻያ ለገዢ ዋጋ የሚጨምረው ገዢውም ያንኑ ከተመኘ ብቻ ነው፤ በመኪናም በቤትም እንዲሁ ነው።

ለልጃችሁ እንዲህ ያለ ጊታር ልትገዙ ከሆነ እንግዲህ ልብ በሉ፦ አብሮት የሚሠራው መሣሪያና ገመዱ አለ ወይ? እዚያው ተሰክቶ ስድስቱም ክሮች አንድ በአንድ ይሰማሉ? ፒክአፑ ቢነሳ ከሥሩ ምን ጠባሳ ይቀራል? ሲንተሳይዘሩ ጠፍቶስ እንደ ተራ ጊታር ያምራል? ከሁሉም በላይ፣ መልስ የሌለው ነገር ካለ ዋጋው ውስጥ አታስገቡት። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ገዢው ከመጠየቁ በፊት እናንተው ንገሩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ በቆጂ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ማታ አልጋውን ገጣጥመን ቦታው አስቀመጥነው። ባለቤቴ ቁም ሣጥኑን ስታጸዳ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ አገኘች፤ ባለ 13 እግሩን። ሰኞ ጠዋት ለበቆጂ ሚኒባስ ረዳት ሰጥቼ ላክሁት። ልጁ ደውሎ “ጋሼ፣ መሣሪያው ሳይኖር ገመዱ ምን ያደርግልኛል?” አለና ሳቀ። “አስቀምጠው፣ አንድ ቀን ትጠቀምበታለህ” አልኩት። ባለቤቴ ከጓዳ ሰማችኝ።