ጤናችን፦ ሻጋታና ሳንባ

ባለፈው ሳምንት ማታ ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የጉድጓድ ማሽላ ባወጣሁ ቁጥር ያስለኛል። ማሽላው ሻግቷል። ሻጋታ ሳል ያመጣል እንዴ?» አሉኝ። እኚህ እናት ቀደም ሲል የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ታመው ድነዋል። የዛሬው ንባብ ለጥያቄያቸው መልስ ነው።

ሻጋታ አቧራ ይመስላል። ግን ሕይወት አለው። ፈንገስ ይባላል። በእርጥብ እህልና በበሰበሰ ጭድ ላይ ይበቅላል። ዘሩ በዓይን አይታይም። ጭዱን ስናራግፍ ዘሩ ይነሣል። ስንተነፍስ ሳንባችን ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ሁላችንም ለምን አንታመምም? ሰውነታችን ዘበኞች አሉት። እነሱም ጥቃቅን ሕዋሶች ናቸው። ዘሩን ውጠው ይገድሉታል።

ሻጋታውም ዝም አይልም። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው ሻጋታ ግሊዮቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። መርዙ ዘበኞቹን ያዳክማል፤ ይገድላል። ሌባ ቤት ከመግባቱ በፊት ለውሻው መርዝ እንደሚጥል ማለት ነው። የጤነኛ ሰው ዘበኞች ግን ብዙ ናቸው፤ ያሸንፋሉ። የሚጠቃው አቅሙ የደከመ ሰው ነው። ቲቢ በሳንባ ላይ ጉድጓድ ትቶ ከሆነም፣ ሻጋታው እዚያ ገብቶ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ሊያድግ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ደም ሊተፋ ይችላል።

የዚህ ሻጋታ ዘመድ አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል። እሱም ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በእህል ላይ ሲበቅል ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል። እህሉን ብንቀቅለውም ብንቆላውም መርዙ አይጠፋም። በ1996 ዓ.ም. በኬንያ የሻገተ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመሙ። ከእነሱም 125ቱ ሞቱ።

ምን እናድርግ?

እህሉን በደንብ ሳናደርቅ ጎተራም ጉድጓድም አናስገባ። የሻገተውን አንብላ፤ ለከብትም አንስጥ። የሻገተ ጭድ ቤት ውስጥ አናራግፍ። ደጅ እናውጣው። አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ እንሸፍን። ነፋሱ ከጀርባችን ይንፈስ። ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ወይም አክታው ደም ካለው፣ ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንሂድ። የሻገተ እህል መንካታችንንም ለሐኪሙ እንንገር።

እኚያ እናት ነገ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ሳሉ ከምን እንደመጣ የሚለየው ሐኪም ነው። ከእንግዲህ ጉድጓዱ አጠገብ አይደርሱም። ይህን ጽሑፍም ለጎረቤቶቻቸው ራሳቸው ያነቡላቸዋል።

ጥያቄ፦ በቤትዎ የሻገተ እህል አለ? የት አስቀመጡት?