ቺፕ አምራቾች በእጥረትና በትርፍ ክምችት መካከል፦ የተሳሳተ ግምትን ዋጋ ማን ይከፍላል?

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የመኪና ገበያን ሲያቀዘቅዝ፣ የመኪና ፋብሪካዎች የቺፕ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ አምራቾች የተለቀቀውን አቅም ከቤቱ የሚሠራው ሕዝብ ለሚሻማባቸው ላፕቶፖችና መሰል ዕቃዎች አዋሉት። በዓመቱ መጨረሻ የመኪና ፈላጊው ከተጠበቀው ቀድሞ ሲመለስ ወረፋው ተይዞ ነበር። አሊክስፓርትነርስ የተሰኘው አማካሪ ድርጅት እጥረቱ በ2021 ብቻ የመኪና ኢንዱስትሪውን 210 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያሳጣው ገምቶ ነበር።

የችግሩ ሥር ጊዜ ነው። ስስ የሲሊከን ሰሌዳ ወደ ፋብሪካ ገብቶ የተጠናቀቀ ቺፕ ሆኖ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አዲስ ፋብሪካ መገንባት ደግሞ ዓመታትንና ቢሊዮኖችን ይጠይቃል። ውድ ማሽኖቹ ቢሠሩም ባይሠሩም ወጪያቸው አይቆምም። በመሆኑም አምራቹ ዛሬ የሚያመርተው ከወራት በኋላ ይፈለጋል ብሎ የገመተውን ነው። ደንበኛውም የእጥረት ወሬ ሲሰማ ከሚያስፈልገው በላይ ያዛል፤ አንዳንዴም ያንኑ ዕቃ ከሁለት አቅራቢ ይጠይቃል። ከዚህ ትዕዛዝ ውስጥ የቱ እውነተኛ ፍላጎት፣ የቱ ስጋት የወለደው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ለአምራቹ እጅግ ከባድ ነው።

በ2022 የስልክና የኮምፒውተር ገበያ ሲቀዘቅዝ መጋዘኖች ሞሉ። የአሜሪካው ማይክሮን በመጋቢት 2023 ባወጣው ሪፖርት የክምችቱን የመዝገብ ዋጋ በ1.43 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ ለማድረግ ተገዷል። ምርት ለመቀነስ ለወራት ያመነታው ሳምሰንግም በሚያዝያ እንደሚቀንስ አስታወቀ።

አብላጫ ድርሻው በአቡዳቢው ሙባዳላ የተያዘው ግሎባልፋውንድሪስ ስጋቱን ለደንበኞቹ ማካፈልን መርጧል። የረጅም ጊዜ ውል ይዋዋላል፤ ከአንዳንዶቹም ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል። በ2023 በውሉ ከተቀመጠው መጠን በታች የወሰዱ ደንበኞች ላልተጠቀሙበት አቅም ከፍለውታል። ይህ አሠራር የፋብሪካውን ጉዳት ቢያለዝብም መድኃኒት ነው ማለት ያስቸግራል። ላለመቀጣት ሲል ዕቃውን የሚረከብ ደንበኛ ክምችቱን ወደ ራሱ መጋዘን ያዛውራል፤ እስኪያራግፈውም አዲስ ትዕዛዝ አይሰጥም።

አሁን ሽሚያው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፖች ላይ ነው። የደቡብ ኮሪያው ኤስኬ ሃይኒክስ በግንቦት 2024፣ የዚያ ዓመት የከፍተኛ ፍጥነት ሜሞሪ ምርቱ ሙሉ በሙሉ፣ የ2025ቱም አብዛኛው አስቀድሞ መሸጡን ገልጿል። የዚህ ገበያ ዋነኛ ገዢዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ እንኳ የግንባታ ዕቅዱን ቢያዘገይ፣ ቀድሞ ወደ ማምረቻ የገባው ሲሊከን ከወራት በኋላ ቺፕ ሆኖ መውጣቱ አይቀርም።