የፀሐይ ሙቀት በማኅበር ቢሠራበት



 ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፀሐይ መሞቅ በደጋው አገራችን የታወቀ ነገር ነው። ሽማግሌው በደጃፉ፤ ተማሪው በክፍሉ ግድግዳ ሥር፤ ሁሉም ማለዳ ማለዳ ይሞቃል። ዳሩ ግን አንድ ከተማ በማኅበር ሆኖ ፀሐይን ሊሞቅ፤ ሙቀቷንም እንደ ውሃ በቧንቧ ሊከፋፈል እንደሚችል ብዙ ሰው የሰማ አይመስለኝም።

ዴንማርክ ብርድና ደመና የሚበዛባት አገር ናት። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት በናረ ጊዜ እጅግ ስለ ተጨነቀች፤ በ1979 ስለ ሙቀት አቅርቦት ሕግ አወጣች። ዛሬ ከሦስት ቤተ ሰብ ሁለቱ ያህል ቤታቸውን የሚያሞቁት በየራሳቸው ምድጃ ሳይሆን ከጋራ ጣቢያ በቧንቧ በሚመጣ የሞቀ ውሃ ነው። ኤሮ በምትባለው ደሴት ላይ ያለችው ማርስታል የተባለች ትንሽ ከተማ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. 8 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል የፀሐይ ሙቀት መሰብሰቢያ ሰሌዳ በሜዳ ላይ ዘረጋች። እነዚህ ሰሌዳዎች ኤሌክትሪክ አያመነጩም፤ ከመስተዋት ሥር የተነጠፈ ጥቁር ብረት የፀሐይን ሙቀት ተቀብሎ በውስጡ ለሚያልፈው ውሃ ያስተላልፋል፤ ሌላ ጥበብ የላቸውም። በ2012 ዓ.ም. ሰሌዳው ከ33 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ሆነ፤ በፕላስቲክ የተለበጠ፤ ሙቀት በማያስወጣ ክዳን የተሸፈነ 75 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድም ተቆፈረ። የበጋው ሙቀት በዚያ ተከማችቶ ብርዱ ሲመጣ ወደየቤቱ ይላካል። ከከተማዋ የሙቀት ፍላጎት ግማሽ ያህሉ ከፀሐይ ሲገኝ፤ ቀሪው በአብዛኛው ከእንጨት ፍቅፋቂ የሚገኝ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። ጣቢያው የመንግሥትም የነጋዴም አይደለም። ሙቀቱን የሚጠቀሙት ነዋሪዎች ራሳቸው በማኅበር ያቋቋሙት ነው፤ ሕጉም ከወጪ በላይ ትርፍ ማስከፈልን አይፈቅድም።

ይህን ማውራቴ በደብረ ብርሃን የቤት ማሞቂያ ቧንቧ ይዘርጋ ለማለት አይደለም። የእኛ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፤ ጋቢ ይበቃዋል። ለእኛ የሚያስፈልገን የሞቀ ውሃ ነው፤ ለገላ፤ ለልብስ፤ ለሆስፒታል አንሶላ፤ ለወላድ እናት። ደግሞም በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በዓመት የሚያርፍልን ፀሐይ የዴንማርክን እጥፍ ያህላል።

ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ በቁጥር ላስረዳ። 300 ተማሪዎች ያሉት አዳሪ ትምህርት ቤት ቢኖር፤ ለእያንዳንዱ በየቀኑ 20 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ በጠቅላላ 175 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። በደጋው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ያርፋል፤ ከዚህ ከግማሽ በጥቂት ያነሰውን ብንይዝ እንኳ 70 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ይበቃል። ይህም ከአንድ መማሪያ ክፍል ጣራ እምብዛም አይበልጥም። ጉድጓድም አያስፈልግም፤ የአንድ ቀን ውሃ የሚይዝ በደንብ የተሸፈነ በርሜል ይበቃል። ክረምት ሲሆን ፀሐይዋ ታንሳለች፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ያግዛት። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በርሜል ውሃ በባሕር ዛፍ እንጨት ይፈላ ነበር፤ ወረፋው ሳይደርሰን የቀረን በቀዝቃዛ እንታጠብ ነበር።

በከተማም ነገሩ ያው ነው። 30 ቤተ ሰብ በሚኖርበት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ እያንዳንዱ የራሱን 1,500 ዋት የውሃ ማሞቂያ ገዝቶ በማለዳ ቢያበራ 45 ኪሎዋት በአንድ ጊዜ ይሳባል፤ ጣራው ግን ባዶውን ፀሐይ ይመታዋል። «የሕዳሴው ግድብ በ2025 ተመርቋል፤ ኃይል ምን ገዶን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ፋብሪካና ወፍጮ ሊያንቀሳቅስ የሚችለውን ኃይል ውሃ ለብ ለማድረግ ማዋል ለእኔ ሀብት ማባከን ነው።

«የጋራ የውሃ ፓምፕ እንኳ ሲበላሽ የሚያሠራው ጠፍቶ ወር ይቆማል» የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለበት። ካናዳ ውስጥ በአልበርታ ኦኮቶክስ በተባለች ከተማ 52 ቤቶች ከ2007 ጀምሮ በጋራ የፀሐይ ሙቀት ይጠቀሙ ነበር፤ አንድ ክረምትም ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ሞቀዋል። ሆኖም ዕቃው አርጅቶ መለወጫው ስለ ቸገረ ሥራው በ2024 እንዲቆም ተወሰነ። ማርስታል ግን እስከ ዛሬ ትሠራለች። ስለዚህ ሰሌዳው ከመገዛቱ በፊት የመለዋወጫው ገንዘብ በየወሩ ከየቤቱ የሚሰበሰብበት ደንብ ይጻፍ፤ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም ይህን የሚጠግኑ ልጆች ይሠልጥኑ።

ሕንፃ ከቆመ በኋላ ግድግዳ ሰብሮ ቧንቧ ማስገባት ብዙ ወጪ ነው። ስለሆነም የትምህርት ቤትና የሆስፒታል፤ የመኖሪያም ሕንፃ ንድፍ የሚያወጡ መሐንዲሶች ከአሁኑ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ቦታ እንዲተዉ፤ ጣራውንም ወደ ደቡብ ጥቂት እንዲያዘነብሉት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያዝልን አሳስባለሁ።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር