ሻንሲው ሳይታይ ዋጋ አይቆረጥ

በአሮጌ መኪና ገበያ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ቀለሙ ነው። ገዢ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል፤ ከዚያ ከደላላው ጋር የዋጋ ክርክር ይገጥማል። ጎንበስ ብሎ ሥሩን የሚያይ ጥቂት ነው። መኪናው ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ለቄስ!

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይከብዳል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በሩ ሲጠብ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና የቁጠባ ማስቀመጫ ቢሆን አይገርምም። ታዲያ ቁጠባው የተቀመጠው በምን ላይ ነው?

ከሰቆጣ አካባቢ የመጣ አንድ የድሮ ላንድሮቨር ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ደላላው «ደረቅ ደጋ ላይ የኖረ ነው፣ ዝገት አያውቅም» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ብረት የሚበላው እርጥበትና ጨው ስለሆነ የዋግ ኽምራ አጭር ክረምት ለመኪናው ይበጃል። ሌላው ግማሽ ግን አይነገርም። ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርድ ጠጠር መንገድ ለዓመታት የተንገጫገጨ ሻንሲ ባይዝግም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሰቆጣ በጥንት ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚገበያይባት ከተማ ነበረች። መኪናውም በዕድሜው ጨው ጭኖ ከሆነ የደጋ አየር አያድነውም።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት አጥሮ ስለነበር ቦዲው በአሉሚኒየም ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ስለዚህ ላዩ ደህና ሆኖ ሥሩ ሊያልቅ ይችላል። ሻንሲው እንደ ሳጥን ውስጡ ክፍት በመሆኑ ጭቃና ውሃ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በስቱኮና በካትራሜ የተደፈነ ቀዳዳ ዓይንን ያታልላል፤ በመዶሻ ሲመታ ግን ይጋለጣል። ባሌስትራው የታሰረው በዚሁ ብረት ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ቢለቅ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ደህና ጥገና ምስጢር የለውም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይደገፋል፤ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ሻንሲው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካል፤ የዛገው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ብረት ይበየዳል፤ ውስጡ ፀረ ዝገት ይቀባል። በዛገው ላይ ላሜራ ደርቦ መበየድ ግን ጥገና አይባልም፤ ዕዳን ለሚቀጥለው ገዢ ማስተላለፍ ነው።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳየውም ይህንኑ ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢ ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ መኪና ያለው ይከስርና ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ነው። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ነጋዴው «ገዢ ለማያየው ነገር አይከፍልም» ይል ይሆናል። የማያየው ስለማይታየው ሳይሆን ስለማያሳዩት ነው። በአውሮፓ የድሮ ስፖርት መኪና የሚያድስ ሰው ብረቱ ሲቆረጥና ሲበየድ ፎቶ እያነሳ ይይዛል፤ ሲሸጥም ያንን ያቀርባል። እዚህም ከቀለሙ በፊት የተነሳ ፎቶና የጋራዥ ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር ቢቀርብ ወጪው ኢምንት ነው።

ገዢም የድርሻውን ይወጣ። ከቀብድ በፊት መኪናው በጋራዥ ይነሳ። ጥገናው 100 ሺህ ብር ይፈጃል ከተባለ ቅናሹ ከዚያ አይነስ፤ መኪናው ቆሞ የሚያሳጣው ገቢም ይታሰብ። ደላላው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ሥሩ ታይቶ ካለቀ በኋላ ይሁን። ጥሩ ሻንሲ ያለው ሻጭ ይህን አይፈራም፤ የሚፈራው ካለ፣ ፍርሃቱ ራሱ ለገዢው በቂ መረጃ ነው።