በዝናብ አገር ጣራን መሸሸግ

«አባባ፣ በረንዳ እኮ ያለፈበት ነገር ነው፤ ክፈፉ ይቆረጥና ፊቱ በፓራፔት ይሸፈን፤ ጣራው ካልታየ ቤቱ ዘመናዊ ይሆናል።» ይህን ቃል በሁሩሙ ከተማ፣ በወጣትነታቸው ያሠሩትን የጭቃ ቤት ለማሳደስ ላሰቡ አንድ ሽማግሌ የተናገረው ተቋራጭ በእጁ ይዞት የነበረው ንድፍ ሳይሆን ስልክ ነው፤ በስልኩም ላይ የሚታየው ሥዕል፣ ግድግዳው ነጭ፣ የመስኮቱ አሉሚኒየም ጥቁር፣ አናቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ከበላዩም አንዲት ደመና እንኳ የሌለበት ሰማይ የተዘረጋ፣ በየት አገር እንደ ተሠራ የማይታወቅ ቤት ነበረ። ሽማግሌው ጥቂት ተከራክረው ዝም አሉ፤ ገንዘቡን ከውጭ አገር የምትልከው ልጃቸው ሥዕሉን አይታ ወድዳው ነበርና።

ከዚህ ንግግር አንዱን ነገር ብቻ እይዛለሁ፤ እርሱንም እስክጨርስ ድረስ አልለቅም። ስለ ሴራሚኩ፣ ስለ ጂፕሰሙና ስለ ቀለሙ ከማንም ጋር ሙግት የለኝም፤ የወለሉ መልክ ቢሰለች በሌላ ጊዜ ይለወጣል፣ ቀለሙም ባያምር በሌላ ቀለም ይሸፈናል። ክፈፍ ግን፣ ማለት ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ የሚዘረጋው የጣራ ጫፍ፣ የግድግዳው ጠባቂ እንጂ ጌጥ ስላልሆነ፣ እርሱን ቆርጦ መጣልን ዘመናዊነት ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው፣ ይህን የሚናገረው በየት ምድር ላይ ቆሞ እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የቆመበት ምድር ሁሩሙ ነው። ሁሩሙ በኢሉባቦር፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ፣ ያዮን ካለፉ በኋላ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ይህ የመቱና የጎሬ አካባቢ በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ምድሮች አንዱ ነው፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቀው ዝናቡም በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አዲስ አበባ የምታገኘው ግን 1200 ገደማ ነው። ቍጥሩ በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 200 ሺሕ ሊትር ውኃ ይወርዳል ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ሰው፣ ከመስኮቱም ከበሩም ከቀለሙም አስቀድሞ ሊቈርጥ የሚገባው ነገር ይህ ሁሉ ውኃ በየት በኩል እንደሚሄድ ነው።

ክፈፍ ያለው ጣራ ውኃውን ተቀብሎ፣ ከግድግዳው አርቆ፣ በጠፈጠፍ ወደ ቦዩ ያወርደዋል፤ አሸንዳው ቢደፈን እንኳ የሚረጥበው ደጁ ነው። ፓራፔት የተሠራለት ቤት ግን፣ ቆርቆሮውን ከብሎኬት አጥር በስተኋላ ስለ ሸሸገ፣ ውኃውን ሁሉ በግድግዳው ራስ ላይ በተዘረጋ ስውር የላሜራ አሸንዳ ሰብስቦ በአንዲት ቱቦ ብቻ እንዲወጣ ያስገድደዋል፤ ያችንም ቱቦ ለመድፈን በግቢው ውስጥ የቆመው ዋንዛ የሚያራግፈው ቅጠል ይበቃል። ቱቦዋ በተደፈነች ሌሊት ውኃው ሌላ መንገድ ስለሌለው ወደ ውስጥ ይገባል። ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር በሚያበቅል፣ ቤቱንም በዛፍ መካከል በሚሠራ ሕዝብ ዘንድ ቅጠል የማይደርስበት ጣራ እንዴት ይገኛል?

የነገሩን ፍጻሜ ማየት የሚወድ ሰው፣ ጥቂት ክረምቶች ያለፉበትን እንዲህ ያለ ቤት በመስከረም ወር ገብቶ ይመልከት። በኮርኒሱ ጥግ የሻይ መልክ ያለው እድፍ ተዘርግቷል፤ ከፓራፔቱ ሥር ቀለሙ አብጦ ይላጣል፤ ልስኑን በጣት ሲያንኳኩት ውስጡ ባዶ እንደ ሆነ ያስታውቃል። የጭቃ ግድግዳ፣ ከጭድ ጋር ተረግጦ የቦካ ጭቃ በእንጨትና በማገር ላይ የተመረገበት ሥራ እንደ መሆኑ፣ የጠጣውን እርጥበት ፀሐይ በወጣች ጊዜ መልሶ የመትፋት ጠባይ አለው፤ በላዩ የሲሚንቶ ልስን ሲጫንበት ግን፣ ሲሚንቶና ጭቃ ተዋሕደው አንድ አካል ስለማይሆኑ፣ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ከላይ የመጣው ውኃ በስንጥቁ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ የቋሚው እንጨት እግር ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ግንበኛውን፣ ግንበኛው ሲሚንቶውን ሲከስሱ ይሰማሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ወራጆቹን በመጋዝ ያስቆረጠውን ሰው ግን የሚጠይቀው የለም፤ እርሱ ገንዘቡን ተቀብሎ ያንኑ ሥዕል ለሌላ ቤተ ሰብ በማሳየት ላይ ነው። ይህ ነው የሚያስቈጣኝ።

ፓራፔት በራሱ ነውር ያለበት ነገር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ፣ ከዚያ የሚወድቅ ሰው ቢኖር ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው ይላል። ሕጉ የተሰጠው ሰዎች በጠፍጣፋ ሰገነት ላይ ወጥተው ለሚጸልዩበትና ለሚያርፉበት አገር ነው። በሁሩሙ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ የሚመላለስ ማን ነው? ከምንስ ለመጠበቅ መከታ ያስፈልገዋል? ለአንዱ አገር ሕይወት አድን የሆነው ነገር ምክንያቱ ሳይመረመር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ውዳሴ ከንቱ ከመፈለግ በቀር ሌላ ፍሬ አይገኝበትም።

ዘመናዊነት የሚባለውን የጣራ ፋሽን ያስጀመሩት ሰዎች እንኳ በገዛ አገራቸው ዝናቡን አላሸነፉትም። ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር ሐናፂ በፓሪስ አጠገብ በፗሲ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጸመው ቪላ ሳቮይ፣ ጠፍጣፋ ጣራው በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደ አብነት ሲጠቀስለት የሚኖር ሕንፃ ሲሆን፣ ዝናብ ወደ ውስጥ ስለሚያፈስ የቤቱ እመቤት ለሐናፂው ደጋግማ አቤቱታ ስትጽፍ ቆይታ፣ በ1937 ቤቱ ሊኖሩበት የማይቻል መሆኑን አስታወቀችው። በፓሪስ የሚዘንበው ዝናብ ደግሞ በመቱ አካባቢ ከሚዘንበው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ሊቅ በዚያ ሀብትና በዚያ ዝናብ ያልተሳካለትን ነገር፣ በላሜራ አሸንዳና በአንዲት ቱቦ በሁሩሙ ምድር አሳካዋለሁ የሚለው ተቋራጭ ዋስትናውን በጽሑፍ ይስጥ።

«አዲስ አበባ የሚሠራው እንዲህ ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ አዲስ አበባ ግን የትኛዋ? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ እንዲሁም ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ ጣራቸውም ለሚያይ ሁሉ የሚታይ ነው፤ መኳንንቱም በዚህ አላፈሩም። ክብ ሆነው የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናታችንም፣ ክፈፋቸው ከቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ አልፎ ስለሚወጣ፣ በክረምት ኪዳን የሚያስደርሰው ምእመን ከሥሩ ተጠግቶ ይቆማል። ይህን ሁሉ «ያለፈበት» በሚል አንድ ቃል መሰረዝ ድፍረት ነው።

በኢሉባቦር ደግሞ ከክፈፉ ሥር ያለው በረንዳ ያለ ሥራ የሚቆም ስፍራ አይደለም። ቡናው መለቀም በሚጀምርበት በጥቅምት ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ በአልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ደመና ሲመጣ በጆንያ ሰብስበው የሚያስገቡት ወደ በረንዳው ነው። ጭቃ የያዘ ጫማ የሚወልቀው፣ ለቅሶ የመጣ ጎረቤት የሚቀመጠው፣ ባልና ሚስትን ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች ወደ ሳሎን ሳይገቡ ነገሩን የሚጀምሩት እዚያው ነው። ክፈፉ ሲቆረጥ ይህ ሁሉ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ጀንፈሉና ጭቃው በሴራሚክ ላይ ይሆናሉ፤ የቤቱ እመቤትም ከጥዋት እስከ ማታ ስትወለውል ትውላለች። ንድፉ ሲወሰን እርሷን የጠየቃት ሰው እንደሌለ ከሥራው ይታያል።

ገንዘብ ለላከችው ልጅ የምለው አጭር ነው። አባትሽ የሠሩትን ጣራ አታስቈርጪ፤ ወራጁ ከተበላ ይለወጥ፣ ሲለወጥም ክፈፉ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ለፓራፔቱ ብሎኬት የታሰበው ብር የድንጋዩን መሠረት ከመሬት ከፍ ለማድረግና በቤቱ ዙሪያ ቦይ ለማስቈፈር ይዋል። ግድግዳው በጭቃና በጭድ እንደገና ይመረግ፤ በላዩም ኖራ ይቀባ፤ ኖራ እርጥበቱን አያፍንበትምና። አሸንዳው ከክፈፉ በታች፣ ለሁሉ እየታየ፣ በመሰላል ወጥቶ ቅጠሉን ለሚጠርገው ልጅ እንዲመች ሆኖ ይሰቀል፤ መጨረሻውም በግቢው ጥግ ባለ ሮቶ ውስጥ ይግባ፤ ዝናቡ በሚጠፋበት በጥርና በየካቲት፣ ቧንቧው በሚቋረጥበት ቀን፣ ከዚያ ይቀዳል።