«ልጄ ወፈረ፤ ስፖርት ያከሳዋል?»

ለዛሬ ከጎንደር የደረሰኝን ደብዳቤ መርጫለሁ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ አደራ ስላለችኝ «እህቴ» ብዬ እቀጥላለሁ። ትውልዷ እንደኔው መካነ ብርሃን፣ ኑሮዋ ጎንደር ከተማ ነው። የ8 ዓመት ልጇ ወፍሯል። የሰፈር ልጆች «ዱባ» ይሉታል። አማቷ ደግሞ «ወዙ ነው፣ ተይው» ይሏታል። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ሰጠው። ልጁ ደስ አለው። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ሜዳ ላይ አይስቁብኝም» አላት። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። «በሳምንት 2 ቀን ስፖርት ቢሠራ ይከሳል? ወይስ በከንቱ ነው የምጨቃጨቀው?» ትለኛለች።

እህቴ፣ እኔ 12ኛን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትንና ያየሁትን ግን አልደብቅሽም።

እውነቱን ለመናገር የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻውን ልጅ አያከሳም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2013 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩ ባለሙያዎች፣ በትምህርት ቤት የሚሰጥ እንቅስቃሴ የልጆችን ክብደት እምብዛም እንዳልለወጠ ጽፈዋል። ትንፋሻቸውን ግን አጠንክሯል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከ40 ደቂቃው ግማሹ በሰልፍና ተራ በመጠበቅ ያልቃል። ልጁ ሲወጣ የሚጠጣው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ሮጦ ያቃጠለውን በአንድ ትንፋሽ መለሰው ማለት ነው!

ታዲያ ይቅር? በፍጹም! ሚዛን ኪሎ እንጂ ስብና ጡንቻን ለይቶ አይናገርም። የሚሮጥ ልጅ ኪሎው ሳይቀንስ ጡንቻው ሊጨምር ይችላል። ዝላይ ደግሞ፣ በተለይ ከጉርምስና በፊት፣ አጥንት ያጠነክራል።

የኛን አገር ነገር ደግሞ አትርሺ። ልጅ ሆነን መካነ ብርሃን፣ በዚያ ብርድ፣ ሩቅ መንገድ በእግሩ የሚመጣ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ቀን ስንሮጥ ቁጭ አለ። ቁርስ አልበላም ነበር። መምህራችን አልተቆጡትም፤ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። ለዚያ ልጅ ስፖርት ብቻውን ሥጋ አይሆንለትም፤ መጀመሪያ እህል ይቅደም። ያንቺ ልጅ ችግር ሌላ ነው። አንድ ሜዳ፣ ሁለት ዓይነት አካል!

አሁን ወደ ምክሬ ልግባ።

በመጀመሪያ በክር ለኪው። ቁመቱን በክር ለክተሽ ክሩን እኩል እጠፊው። የታጠፈው ክር ወገቡን ካልዞረው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ካዞረው ብዙ አትጨነቂ።

ሁለተኛ፣ አታስርቢው። ልጅ ያድጋል። ቁመቱ እየጨመረ ኪሎው ባለበት ከቆመ ስቡ በራሱ ጊዜ ይቀላል። ለስላሳውን በውኃ፣ ብስኩቱን በቆሎ ተኪለት።

ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ያንን ትምህርት ቤት ብቻውን አይሞላውም። በእግሩ ይሂድ፣ ገመድ ይዝለል፣ አባሮሽ ይጫወት። አንቺም አብረሽው ሩጪ፤ አያሳፍርም።

አራተኛ፣ ትምህርት ቤቱን ብቻሽን አትጨቃጨቂ። ሌሎች ወላጆችን ይዘሽ ሂጂና ክፍለ ጊዜው እንዲመለስ ጠይቁ። ሲመለስ ደግሞ መምህሩን ለብቻ አነጋግሪያቸው። ቡድን ሲመረጥ ልጆቹ ራሳቸው እየመረጡ እሱን መጨረሻ እንዳያስቀሩት ለምኛቸው።

እህቴ፣ ከሁሉ የከበደኝ ኪሎው አይደለም። የ8 ዓመት ልጅ ጨዋታ ሲቀር ደስ ካለው የታመመው ሆዱ ሳይሆን ልቡ ነው። እቤት ውስጥ «ዱባ» የሚለው ቃል ዛሬውኑ ይቁም፤ አማትሽም ይስሙ። ሩጫውን ከወደደ ሌላው ቀስ በቀስ ይመጣል። እንቁላልም በእግሩ የሚሄደው እንዲሁ ነው።

ደህና ሰንብቱ!