የተርባይን ውኃ ቆጣሪ፦ ከመትከል በፊት ቦታው ይታሰብበት

በፓምፕ ለሚያለሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በየፕሮጀክቱ የውኃ ቆጣሪ ሲታደል ይታያል። የሚታደለውም በአብዛኛው በቧንቧ ውስጥ በሚሽከረከር መዘውር የሚሠራው የተርባይን ቆጣሪ ነው። ዕቃው መምጣቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ በሚቀርቡት ሪፖርቶች ላይ «ይህን ያህል ቆጣሪ ተተከለ» የሚል እንጂ «ይህን ያህል ቆጣሪ በትክክል ይቆጥራል» የሚል አንብቤ አላውቅም። በእኔ አስተያየት ያለቦታው የተተከለ ቆጣሪ ጨርሶ ካለመኖሩ የከፋ ነው። ቆጣሪ የሌለው ማኅበር የሚካፈለው በግምት መሆኑን ስለሚያውቅ ይቻቻላል፤ የተሳሳተ ቆጣሪ ያለው ማኅበር ግን ስሕተቱን እንደ እውነት ይዞ ይጣላል። ይህን የምለው ራሴ አጥፍቼ ስለተማርኩት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጋ በፎገራ ሜዳ፣ ከጉማራ ወንዝ በናፍጣ ፓምፕ ውኃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ ማኅበር ሁለት ባለ 6 ኢንች ቆጣሪዎች ደረሱት። አንዱ ለላይኛው ጎጥ፣ ሌላው ለታችኛው ጎጥ ቧንቧ ነበር። የነዳጁ ወጪ ከእንግዲህ በቆጣሪው ንባብ ይከፈል ተብሎ ተወሰነ። የት ይተከል ሲባል ቦታውን ያመለከትኩት እኔ ነኝ። የላይኛውን ከፓምፑ ጎሚቶ አጠገብ አደረግሁት፤ ጥላ ስላለውና ዘበኛው ስለሚያየው። የታችኛውን ቧንቧው ቁልቁል ወርዶ ወደ ቦይ ከሚያፈስበት ጫፍ ላይ አደረግሁት፤ ለንባብ ስለሚመች። የዘር ልዩነትና የማዳበሪያ መጠን እንጂ ስለ ቧንቧ የተማርኩት ጥቂት ነበር። የአምራቹን መመሪያም አልገለጥኩትም።

በመከር ጊዜ ሒሳቡ ሲሠራ ከመቶ ብር ነዳጅ 63ቱ በታችኛው ጎጥ፣ 37ቱ በላይኛው ላይ ወደቀ። የሁለቱ ጎጥ መሬት እኩል ነው፤ የውኃ ተራውም እኩል ነበር። የታችኛው ጎጥ ሰዎች «ተዘረፍን» አሉ፤ የላይኞቹ «ቆጣሪ አይዋሽም፣ ሌሊት ስታጠጡ ኖራችኋል» ብለው መለሱ። ነገሩ ከሽማግሌ ደረሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ይህ ዕቃ ሳይመጣ እኛ እንዲህ ተባብለን አናውቅም» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ጥፋቱ የት እንደነበረ ለመረዳት መጀመሪያ ቆጣሪው የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የተርባይን ቆጣሪ የውኃውን ብዛት በቀጥታ አይለካም። መዘውሩ የሚያውቀው ውኃው የሚሄድበትን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ ያንን ፍጥነት ወደ ሜትር ኩብ የሚመልሱት ቧንቧው ጢም ብሎ እንደሞላና ውኃው ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ አድርገው ነው። (ይህ ዓይነት ቆጣሪ በሌላ ስሙ ቮልትማን ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1790 እ.ኤ.አ. የወራጅን ውኃ ፍጥነት በሚሽከረከር ክንፍ ስለመለካት ከጻፈው ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከሬይንሃርድ ቮልትማን ነው።) እንግዲህ ቧንቧው ግማሽ ጎዶሎ ከሆነ ቆጣሪው ያላለፈውን ውኃ አብሮ ይቆጥራል። የታችኛው ጎጥ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ቁልቁል የሚወርደውና ጫፉ ክፍት የሆነው ቧንቧ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ውኃው ከጎሚቶ ወጥቶ እየተሽከረከረ ወደ መዘውሩ ከመጣ ደግሞ፣ እንደ አዟዟሩ ንባቡን ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል። በላይኛው ጎጥ በዚህ ላይ ከወንዙ የመጣ ሣርና ቃጫ በመዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ አዘግይቶት ነበር።

ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቆጣሪውን ከሳጥኑ ከማውጣቱ በፊት ሜትር ይዞ ቧንቧውን ይከተል። የተለመደው መመሪያ ከቆጣሪው በፊት የቧንቧውን ስፋት 10 እጥፍ፣ ከቆጣሪው በኋላ 5 እጥፍ የሚሆን ቀጥ ያለ ቧንቧ እንዲኖር ነው። ለባለ 6 ኢንች ቧንቧ ይህ ከፊት አንድ ሜትር ተኩል፣ ከኋላ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። አምራቹ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የአምራቹ ይያዝ። ሁለት ጎሚቶ በተለያየ አቅጣጫ ተከታትለው ካሉ፣ ወይም በከፊል የሚዘጋ ሳራቺኔስካ ካለ ከዚህም መራቅ ይሻላል። ፍሰቱን የሚቆጣጠረው ሳራቺኔስካ ሁልጊዜ ከቆጣሪው በኋላ ይሁን። በቆጣሪው አካል ላይ ያለው ቀስት ውኃው ወደሚሄድበት ማመልከት አለበት፤ ይህ ለመናገር እንኳ የሚያሳፍር ይመስላል፣ ነገር ግን ተገልብጦ የተተከለ አይቻለሁ። ጓርኒሲዮኑ ወደ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ እንዳይንጠለጠል ተስተካክሎ ይቆረጥ፤ ቡሎኖቹም አንዱ ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለው እየተከተለ በእኩል ይጥበቁ።

ቧንቧው እንዲሞላ ለማድረግ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ጫፍ ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ውኃው የሚወጣበትን አፍ ከቆጣሪው ቧንቧ አናት በላይ ማሳለፍ ነው። ያን ጊዜ ውኃው ከመውጣቱ በፊት ቆጣሪውን መሙላት ግድ ይሆንበታል። እኛም በታችኛው ጎጥ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የጠየቀን ሁለት ጎሚቶ፣ አንድ ክንድ ተኩል ቧንቧና የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ነበር።

ከቦታው ቀጥሎ ቆጣሪን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች አየርና ጭቃ ናቸው። ፓምፑ ሲነሣ በባዶው ቧንቧ ያለው አየር በኃይል እየተገፋ ሲያልፍ መዘውሩን ውኃ ከሚያዞረው እጅግ በፈጠነ አዟዟር ያሽከረክረዋል፤ ኩሽኔታው የሚጎዳው ያኔ ነው፣ ያልፈሰሰ ውኃም ይቆጠራል። ስለዚህ ከቆጣሪው በፊት ቧንቧው ከፍ በሚልበት ቦታ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ይደረግ፤ ሳራቺኔስካውም በቀስታ ይከፈት። ፓምፕ አስነሺው ይህን ካልተነገረው ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። እንደ ጉማራና እንደ አዋሽ ያሉ ደለል የበዛባቸው ወንዞችን ለሚጠቀም፣ እንዲሁም አዲስ ተቆፍሮ ገና አሸዋ የሚያወጣ ጉድጓድ ላለው፣ ከቆጣሪው በፊት ማጣሪያ መግጠም የግድ ነው። ማጣሪያው ሣሩንና ጠጠሩን ይይዛል፤ ደቃቁን ደለል ግን አያስቀርም፤ ስለዚህ ኩሽኔታው ማለቁ አይቀርም። በሣር የታነቀ ወይም ኩሽኔታው የተበላ ቆጣሪ በአብዛኛው የሚያሳየው አሳንሶ ነው። በዚህም የተነሣ ተጠቃሚው አቤት አይልም፤ ቆጣሪው እየሞተ መሆኑን የሚነግራችሁም አይኖርም።

መከላከያው በያመቱ መፈተን ነው። ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በ200 ሊትር በርሜል ልፈትን የሚሉ አሉ፤ በሰከንድ 25 ሊትር የሚሰጥ ቧንቧ በርሜሉን በ8 ሰከንድ ስለሚሞላው ከዚህ ፈተና ምንም አይገኝም። ግድግዳው ቀጥ ያለ ገንዳ ካለ እርሱን ተጠቀሙ። ለምሳሌ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ የግንብ ገንዳ ውኃው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል 20 ሜትር ኩብ ገባበት ማለት ነው፤ በዚሁ ፓምፕ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። በከፍታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ብትስቱ እንኳ ስሕተቱ ከመቶ 2.5 ብቻ ነው። ገንዳው እንደማያፈስ አስቀድሞ ማየት እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። ያን ዓመት በሽማግሌዎቹ ፊት በየተራ ወደ ገንዳው 20 ሜትር ኩብ ስናስገባ የታችኛው ጎጥ ቆጣሪ 27፣ የላይኛው 16 አነበበ። 63ና 37 ከየት እንደመጣ ሁሉም እዚያው ቆሞ አየ።

ንባቡን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሙሉ ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቀዮቹ ክፍልፋይ ናቸው። በፊቱ ላይ የማባዣ ቁጥር፣ ማለትም በ10 ወይም በ100 የሚል ምልክት፣ ካለ ይህ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ይጻፍ። ተራው ሲጀመርና ሲያልቅ ባለተራውና አንባቢው አብረው ቆመው ይመዝግቡ። የሞተሩ ሰዓትና የፈሰሰው ናፍጣም ከጎኑ ይጻፍ።

አንባቢዎች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ቆጣሪው የሒሳብ መክፈያ ብቻ አለመሆኑን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል ሽንኩርት 30 ሚሊ ሜትር ቢያስፈልገው ሥሩ ዘንድ መድረስ ያለበት 150 ሜትር ኩብ ነው። ከፈሰሰው ከመቶ 60ው ብቻ ሥሩ ዘንድ የሚደርስ ከሆነ ከፓምፑ 250 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ በሰዓት 90 ሜትር ኩብ በሚሰጥ ፓምፕ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ገበሬው ይህን አንድ ጊዜ ካየ ስለ ፈሰስ ማስተካከል የምትነግሩትን በሌላ ጆሮ ይሰማል። ከዚህም ሌላ ፓምፑ ራሱ የሚመረመረው በዚሁ መዝገብ ነው። ሞተሩ በዚያው ፍጥነት እየዞረ በሰዓት የሚሰጠው ከ90 ወደ 70 ከወረደ የፉት ቫልቩ ወንፊት ተደፍኗል፣ ወይም የመሳቢያው መስመር አየር ያስገባል፣ ወይም የፓምፑ መዘውር ተበልቷል፣ ወይም ወንዙ ወርዷል። ናፍጣው ግን አልቀነሰም።

«ለትንንሽ ገበሬዎች ሰዓት ይበቃል፣ ቆጣሪ ምን ያደርጋል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ሐሳባቸው በከፊል ትክክል ነው። አንድ ሰው ለራሱ ለሚጠቀምበት ፓምፕ ሰዓት ይበቃዋል። በክፍት ቦይ ለሚያጠጣም የተርባይን ቆጣሪ ቦታው አይደለም፤ ለእርሱ ፓርሻል ፍሉም አለለት። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ፓምፕ ሲጠቀም ግን ሰዓት እኩል የሚያካፍለው ፓምፑ እኩል እስከሰጠ ድረስ ብቻ ነው። በመጋቢት ወንዙ ሲወርድ ተራው የደረሰው ሰው በታኅሣሥ ካጠጣው ጋር እኩል ሰዓት ከፍሎ ያነሰ ውኃ ይወስዳል። ይህ በደል መሆኑን ገበሬው ያውቀዋል፤ የሚያሳይበት ነገር ግን የለውም።

በመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚቋቋሙ ማኅበራት ውኃውን ማከፋፈል፣ አውታሩን መጠገንና ክፍያ መሰብሰብ የራሳቸው ኃላፊነት ነው። ስለሆነም ቆጣሪው የማኅበሩ ዕቃ ነው እንጂ የፕሮጀክት ማሳያ አይደለም። የሚያድሉት ወገኖች የቆጣሪውን ቁጥር በግማሽ ቀንሰው በተረፈው ገንዘብ ማጣሪያ፣ የአየር ቫልቭ፣ ቀጥ ያለ ቧንቧና አንድ መለዋወጫ የውስጥ ዕቃ ቢሰጡ እመርጣለሁ። የብዙዎቹ ቮልትማን ቆጣሪዎች የውስጥ ዕቃ አካሉ ከቧንቧው ሳይፈታ ከላይ ወጥቶ ይለወጣል፤ መለዋወጫው በማኅበሩ መጋዘን ካለ ሥራው የግማሽ ቀን ነው፣ ከሌለ ግን ወቅቱ ሁሉ ያልፋል። የተበላሸ ቆጣሪ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተፈታ በቦታው ባዶ ቧንቧ ይገባና በዚያው ይቀራል። አመራሩ ማኅበሩን ሳይጠይቅ ማኅተሙን ማንም እንዳይፈታም በመተዳደሪያ ደንባቸው ያስገቡት።

በፎገራው ማኅበር ለታችኛው ጎጥ የተረፈው ገንዘብ በ2012 ዓ.ም. ከነዳጅ ድርሻቸው ላይ ተቀነሰላቸው። ሦስት ቤተሰቦች ግን ያን በጋ ከማኅበሩ ወጥተው የየራሳቸውን ትንሽ ሞተር ገዝተዋል፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። ቆጣሪዎቹን አሁን የምታነበው ከሁለቱም ጎጥ ጋር ዝምድና የሌላት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ገንዳው ይጠረጋል፤ ከየጎጡ ሁለት ሁለት ሰው ቆሞ 20 ሜትር ኩብ ይገባል፤ ንባቡም በመዝገቡ ላይ ይፈረምበታል።